ወፍራም ድምፅ ሲበዛ የጆሮ ማዳመጫን ያበላሻልን?

የሰው ልጅ ለምቾቱ ብሎ የሠራው ዕቃ ሁሉ ልክ አለው። ልኩን ዐውቆ ለሚይዘው ያገለግለዋል፤ ልኩን ለሚያልፍበት ግን ወይ ይሰበርበታል፥ ወይም ባለቤቱን ራሱን ይጐዳል። በዘመናችን በየቤቱ ከገቡት ዕቃዎች መካከል ሄድፎን የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ አንዱ ነው። ተማሪው ትምህርቱን፥ ሹሙ ከሩቅ አገር የሚደረገውን ስብሰባ፥ ወጣቱም ዘፈኑን የሚሰማው በዚሁ ነው። ሌላውን ሰው ሳያውክ ለባለቤቱ ብቻ ስለሚናገር፥ በቤተ ሰብ መካከል ሰላምን ያመጣል ተብሎ ተወደደ። ነገር ግን ሰላም ያመጣል የተባለው ዕቃ ራሱ የጠብ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለና፥ ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ አድርገው ሲሰሙ ድምፁ ይሻክራል፤ ጥራቱም ይጠፋል። ይህ መሻከር ማዳመጫውን ያበላሸዋልን? ወይስ የሚያስከፋው ጆሮን ብቻ ነው? አንዳንዱ «የሻከረ ድምፅ ሁሉ ዕቃን ይገድላል» ይላል፤ ሌላውም «ዕቃው የተሠራው ለመጮኽ ነውና ምንም አይሆንም» ይላል። ሁለቱም እውነትን ከፍለው ይዘዋል እንጂ ሙሉውን አልያዙም።

በቤታችን የሆነውን ብንናገር ነገሩ ይገለጣል። ታላቂቱ ልጃችን ጥቂት በጥቂት ካጠራቀመችው ገንዘብ አንድ መልካም የጆሮ ማዳመጫ ገዛች። ለትምህርቷ የሚያስፈልጋት ስለ ሆነ እንደ ዐይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። ታናሽ ወንድሟ ግን እርሷ በሌለችበት ሰዓት እየወሰደ ከበሮና ቤዝ የበዛበትን ዘፈን ይሰማበታል፤ በስልኩም ውስጥ ያለውን ኢኳላይዘር የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ከፍቶ፥ ወፍራሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ያነሣዋል። ከዕለታት አንድ ቀን እኅቱ ማዳመጫዋን ብታነሣ በቀኙ በኩል ዝንብ እንደ ገባበት ያለ ጩኸት ሰማች። ወዲያውም ወደ እኛ መጥታ «አባባ፥ ወንድሜ ዕቃዬን አበላሸብኝ፤ ይፍረዱልኝ» አለች።

ልጁ ተጠርቶ ሲጠየቅ ወስዶ መስማቱን አመነ፤ ማበላሸቱን ግን ካደ። «አባባ፥ የሻከረው ዘፈኑ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም፤ ቤዙን ዝቅ ሳደርገው ይጠራ ነበር» ብሎ መለሰ። እኛ ቀኑን ሙሉ የሰውን ክርክር በመዝገብ ስንጽፍ የምንውል ስንሆን፥ በገዛ ቤታችን ግን ምስክር ሳንሰማና ማስረጃ ሳንመረምር ፈረድን። ለበዓል የተሰጠውን ገንዘብ ለእኅቱ ካሣ እንዲከፍል አዘዝን። ልጁም እያለቀሰ ወደ እናቱ ይግባኝ አለ። ባለቤታችንም «ዕቃው መበላሸቱን ማን መረመረ? ተበላሽቶስ እንደ ሆነ በምን ተበላሸ? ይህ ሳይታወቅ እንዴት ይፈረዳል?» ብለው ጠየቁን። መልስ ስላጣን ፍርዱን አግደን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን። የደረስንበትም ከዚህ የሚከተለው ነው።

የማዳመጫው አሠራር

የጆሮ ማዳመጫ ከቴሌፎን ዘር የመጣ ዕቃ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ናትናኤል ባልድዊን የተባለ በዩታ የሚኖር አሜሪካዊ የራስ ማዳመጫ ሠርቶ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ። በ1937 ዓ.ም. ቤየር የተባለው ጀርመናዊ ዲቲ 48 የሚባለውን አወጣ፤ ዛሬ አብዛኛው ማዳመጫ የሚሠራውም በዚያው ስልት ነው። በ1958 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን ኮስ ሙዚቃን ለሁለቱ ጆሮ ከፍሎ የሚያሰማውን ስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማንን ባወጣ ጊዜ፥ ሰው ማዳመጫውን በራሱ ላይ አድርጎ በመንገድ የሚሄድበት ዘመን ተጀመረ።

በውስጡ ያለው ሥራ ከከበሮ ጋር ይመሳሰላል። እንደ ከበሮ ቆዳ ያለ እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጀርባ እጅግ የቀጠነ ሽቦ ተጠቅልሎ ተጣብቋል፤ ጥቅሉም በማግኔቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይቆማል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ማግኔቱ ሽቦውን አንድ ጊዜ ይገፋዋል፥ አንድ ጊዜ ይስበዋል። ሽፋኑም አብሮ እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይመታል፤ የተመታውም አየር ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ከበሮ በእጅ ይመታል፤ ይህኛው በኤሌክትሪክ ይመታል። ከበሮም ከልክ በላይ ሲመታ ቆዳው እንደሚቀደድ ሁሉ፥ ይህም ከልኩ ሲያልፍ መጐዳቱ አይቀርም።

ወፍራም ድምፅ ስለ ምን ይከብደዋል

ድምፅ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተንቀጠቀጠ ተቈጥሮ ይለካል፤ መለኪያውም ኸርዝ ይባላል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። ቤዝ የሚባለው ከ250 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ነው። ቀጭኑ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ ሽፋኑ በጥቂቱ ቢነቃነቅ ይበቃዋል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ዝግ ብሎ ስለሚመላለስ ሽፋኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሩቅ መንገድ ያስኬደዋል። ስለዚህ በማዳመጫ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ አብዛኛው የጕልበት ሥራ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ1933 ዓ.ም. ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ በድካም እንደሚሰማ፥ ይህም ድምፁ ዝቅ ባለ ጊዜ ይልቁን እንደሚብስ ለክተው አሳዩ። ሰው ቤዙን «ጥቂት ልጨምር» እያለ የሚፈተነው ስለዚህ ነው።

የጭማሪው ሒሳብ ግን ዐይን እንደሚያየው አይደለም። በማስተካከያው ላይ የሚታየው ቍጥር ዴሲቤል ይባላል። 3 ዴሲቤል ሲጨመር የኤሌክትሪኩ ኃይል ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ 6 ሲጨመር አራት እጥፍ፤ 12 ሲጨመር ደግሞ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልጁ በጣቱ ጥቂት ወደ ላይ የገፋው ይመስለዋል፤ ሽቦው ግን ቀድሞ ከሚሸከመው 16 እጥፍ ይሸከማል።

ሦስት ዓይነት መሻከር

ሰው ሁሉ «ድምፁ ሻከረ» ይላል እንጂ መሻከሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ነው፤ ጕዳቱም ይለያያል።

የመጀመሪያው በስልኩ ውስጥ፥ በቍጥሩ ላይ የሚደርሰው ነው። በ1982 ዓ.ም. በወጣው ሲዲ በሚባለው የሙዚቃ ሰሌዳ ላይ ድምፅ በቍጥር ይጻፋል፤ የቍጥሩም ወሰን ከ32,768 ነጌቲቭ እስከ 32,767 ፖዘቲቭ ነው። የዛሬ ዘፈኖች አብዛኞቹ እስከዚህ ወሰን ጫፍ ድረስ ተሞልተው ይዘጋጃሉ። በዚህ ላይ ቤዙን በ6 ዴሲቤል ሲያነሡት ቍጥሩ እጥፍ ልሁን ይላል፤ ግን ቦታ የለም። ጢም ብሎ በሞላ እንስራ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ የድምፁ ሞገድ ራሱ ተቈርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ድምፁም ይሻክራል። ይህ ዓይነቱ መሻከር የድምፁ ኃይል መካከለኛ እስከ ሆነ ድረስ በራሱ ማዳመጫውን አይጐዳም።

ለዚህም ምስክር አለን። በገና በሚደረደርበት ጊዜ በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቍራጭ ቆዳ ክሩን እያንዘረዘረ ያንን የታወቀውን ጐርናና ድምፅ ይሰጠዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚመቱትም ድምፁን ሆን ብለው ያሻክሩታል። ይህ ሁሉ በማዳመጫ ሲሰማ ማዳመጫው አይበላሽም። ዕቃው ያማረውን ድምፅ ካላማረው አይለይም፤ የሚያውቀው የሚመጣበትን ኃይል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኃይል ሰጪው ዕቃ፥ አምፕሊፋየር የሚባለው፥ ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሚመጣው ነው። በዚህም ጊዜ የሞገዱ ራስ ይቈረጣል። ነገር ግን ሞገዱ ሹል መሆኑ ቀርቶ አራት ማዕዘን ወደ መሆን ሲጠጋ፥ በቁመቱ ሳይጨምር በኃይሉ እስከ እጥፍ ይደርሳል። ንጹሑ ሞገድ ሽቦውን ሲያሠራና ሲያሳርፍ፥ የተቈረጠው ሞገድ ዕረፍት ይነሣዋል። ስለዚህ ይህኛው መሻከር አምፕሊፋየሩ ትልቅ በሆነበት ስፍራ የሚያሠጋ ነው።

ሦስተኛው ማዳመጫው ራሱ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ሽፋኑ ሊሄድ ከሚችለው በላይ ሲገፋ፥ ጥቅሉ ሽቦ ከማግኔቱ ክፍተት አልፎ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከስፍራው ጋር ይጋጫል። በዚህ ጊዜ ጣጣጣ የሚል ወይም እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ያለ ድምፅ ይሰማል። ይህን የሰማ ሰው አንድ ደቂቃ ሳይጨምር ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል። ዕቃው የሚለምነው በዚህ ቋንቋ ነውና።

ማዳመጫው የሚሞትባቸው ሁለት መንገዶች

ስለዚህ ማዳመጫን የሚገድለው መሻከሩ አይደለም። የሚገድሉት ሁለት ናቸው፤ ሙቀትና ምት። ወደ ማዳመጫ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ድምፅ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሁሉ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ሲበዛ ሽቦውን የያዘው ማጣበቂያ ይለሰልሳል፥ ሽቦውም ይቃጠላል። ምት የምንለው ደግሞ ሽፋኑ ከልኩ እያለፈ ሲሄድ የሚደርስበት መጣመም፥ መሰንጠቅና የሽቦው መበጠስ ነው።

ታዲያ ስልክ ብቻውን ይህን ማድረግ ይችላልን? ሒሳቡን እንመልከት። ብዙ የስልክ ማዳመጫ መሰኪያ ከ1 ቮልት ብዙም የማይበልጥ ይሰጣል። ማዳመጫው 32 ኦም ቢሆን የሚደርሰው ኃይል 31 ሚሊዋት ገደማ ነው። የማዳመጫ ሠሪዎች ደግሞ ዕቃቸው ሊችል የሚገባውን ሲጽፉ አንዳንዱ 100፥ አንዳንዱ 500፥ አንዳንዱም 1,000 ሚሊዋት ይላል። ስለዚህ ደኅና የተሠራ ትልቅ ማዳመጫ በስልክ ኃይል መቃጠሉ አስቸጋሪ ነው። ያለ ሽቦ በብሉቱዝ የሚሠራውም አምፕሊፋየሩ ከውስጡ ስለሆነ ሠሪው ኃይሉን ከሽፋኑ ጋር አመዛዝኖ ሊወስነው ይችላል። የሚያሠጋው በጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ትንሹና ርካሹ ነው፤ ሽፋኑ ጠባብ ስለ ሆነ በብዙ ቤዝ ጊዜ ቶሎ ወደ ወሰኑ ይደርሳል።

ማዳመጫን ለቤት ድምፅ ማጉያ ወይም ለመድረክ ሙዚቃ በተሠራ ትልቅ አምፕሊፋየር መውጫ ላይ መሰካት ግን ሌላ ነገር ነው። 10 ዋት ማለት 10,000 ሚሊዋት ነው። በዚህ ላይ ቤዙን የጨመረ ሰው ዕቃውን በእሳት ላይ እንደ ጣደ ይቈጠራል።

የተበላሸውን ካልተበላሸው መለየት

ምርመራው ቀላል ነው፤ በየቤቱ ሊደረግ ይችላል። አስቀድሞ ማስተካከያውን መዝጋት፥ ድምፁንም ወደ መካከለኛ ዝቅ ማድረግ። ቀጥሎ በሌላ ስልክ ላይ ሰክቶ ሌላ ዘፈን መስማት። መሻከሩ ከጠፋ ጥፋቱ የዘፈኑ ወይም የጭማሪው ነበረ፤ ዕቃው ደኅና ነው። በሁሉም ስልክና በሁሉም ዘፈን፥ ድምፁም ዝቅ ብሎ ሳለ፥ በአንዱ በኩል ብቻ ጩኸቱ ከቀረ ግን ነገሩ በማዳመጫው ውስጥ ነው።

እኛም እንዲሁ ብናደርግ፥ የልጁ ዘፈን መሻከር ማስተካከያው ሲዘጋ ጠፋ፤ በዚህ ልጁ እውነቱን ተናግሯል። የቀኙ ጩኸት ግን በሁሉም ዘፈን ላይ ቀረ፤ በዚህ ደግሞ እኅቱ እውነቷን ነው። ክርክሩ በዚህ ሊያልቅ ስላልቻለ ወደ ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድነው። ጠጋኙ የሁለቱን ወገን ሽቦ በመለኪያ ቢለካ ልኩ ተካከለ፤ የተቃጠለ ነገር የለም። ከዚያ የጆሮውን ትራስ አውልቆ በብርሃን ቢያይ፥ በሽፋኑ ላይ የተጋደመ አንድ ጠጕር አገኘ። ወፍራም ድምፅ ሽፋኑን ባነቃነቀው ቍጥር ጠጕሩ እየተመታ እንደ በገናው እንዚራ ይጮኽ ነበር። በወረንጦ ቢያነሣው ጩኸቱ ፈጽሞ ጠፋ።

ጠጕሩም ረጅም ነበረ። ልጁ ደግሞ በዚያ ወራት ራሱን ተላጭቶ ነበረ። ስለዚህ ማስረጃው ወደ ከሳሽ ዞረ። እኅቱ ሣቀች፤ ወንድሟም ሣቀ፤ እኛ ግን አፈርን። የበዓሉን ገንዘብ መለስንለት፤ ሳንመረምር ስለ ፈረድንበትም «አጥፍተናል» ብለን ነገርነው። አባት ለልጁ ይህን ቢል ክብሩ የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አይተን ትርፉን ዐወቅን።

ከዕቃው የሚበልጠው

በዚያው ማታ ልጁ ብቻውን ወደ እኛ መጥቶ «አባባ፥ ሌላም ነገር አለ፤ ይቈጡኛል ብዬ ደብቄው ነበር። ሌሊት ስተኛ በጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ይሰማኛል» አለ። ስለ ዕቃው ይህን ያህል ቀን ስንከራከር፥ የሚጐዳው ጆሮው መሆኑን አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። ጥፋታችንን ባናምንለት ኖሮ የራሱን ምሥጢር ባልነገረን።

ማዳመጫ ለሽፋኑ ከሚያሠጋው አስቀድሞ ለጆሮ ያሠጋል። ለምሳሌ በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል ድምፅ የሚሰጥ ማዳመጫ፥ በስልክ 31 ሚሊዋት እስከ 115 ዴሲቤል ገደማ ሊደርስ ይችላል። ሽቦው ይህን ምንም ሳይሆን ይችለዋል። ጆሮ ግን አይችለውም። በሥራ ስፍራ ጤንነት ላይ የሚመራመረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እንደሚያሳስበው፥ ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት የለበትም፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፥ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፥ 94 ሲሆን 1 ሰዓት፥ 100 ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለሚያዳምጡ ሰዎች በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት፥ ለልጆች ግን 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት እንዳይታለፍ ይመክራል።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ፥ ጠጕር መሳይ ጫፍ ያላቸው 15,000 ገደማ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ እንደ ገና አይበቅሉም። ማዳመጫ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ እነርሱ ግን በየትኛውም ገበያ አይሸጡም። ከጩኸት በኋላ የሚመጣው ፉጨት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ያልፋል፤ ነገር ግን አለፈ ተብሎ መናቅ የለበትም። በ2009 ዓ.ም. በአይጥ ላይ የተደረገው ምርመራ፥ መስማቱ የተመለሰ ከመሰለ በኋላ እንኳ ከሕዋሳቱ ጋር የተያያዘው ነርቭ ለዘለዓለም ተጐድቶ እንደሚቀር አሳይቷልና።

ልጃችንን ወደ ጆሮ ሐኪም ወስደን መስማቱ ተለካ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልኩ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ፉጨቱም ማዳመጫውን በተወ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ሐኪሙ ግን «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ላያስጠነቅቅ ይችላል» ብሎ ሰደደን።

ለቤተ ሰብ የምንመክረው

ወፍራሙ ድምፅ ያነሰ ሲመስል አስቀድሞ ማዳመጫው በጆሮ ላይ በደኅና መግጠሙ ይታይ። ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ያመልጣል፤ በጆሮ ቀዳዳ የሚገባውም ጫፉ በልክ ከተመረጠ ብዙ ጊዜ ጭማሪ አያስፈልገውም። ቤዝን መጨመር ግድ ቢሆን፥ በጨመሩት ልክ ጠቅላላውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ 6 የጨመረ 6 ይቀንስ። ከዚህም የሚሻለው ቤዙን ትቶ ሌላውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሚዛኑ ያው ሲሆን ቍጥሩ ከወሰን አያልፍም። ማዳመጫውን በጆሮ ላይ ከማድረግ በፊት ድምፁን ዝቅ ማድረግ፥ ከትልቅ አምፕሊፋየር መውጫ ላይ አለመሰካት፥ በከረጢት ውስጥ ጠጕርና አቧራ እንዳይገባበት ሸፍኖ ማስቀመጥ መልካም ነው። ለልጆችም ብዙዎቹ ስልኮች የድምፅ ወሰን ማበጃ ስላላቸው ወላጅ ራሱ ወስኖ ይስጣቸው።

እንግዲህ የተጠየቀው ነገር ፍርዱ ይህ ነው። የቤዝ መሻከር በራሱ ማዳመጫን አያበላሽም፤ መሻከሩን ያመጣው ኃይል ሲበዛ ግን በሙቀትና በምት ያበላሸዋል። ከማዳመጫው አስቀድሞ የሚጐዳው ግን ጆሮ ነው። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ፤ በባለቤቱ ላይ የደረሰውን ክፉ ነገር ጆሮው በመጨረሻ ይሰማል ማለታቸው ነው። በራሱ በጆሮው ላይ ለሚደርሰው ጕዳትም ይህ ቃል እውነት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ስለ ዕቃው ከመቈጣታችሁ በፊት ልጁን «በጆሮህ ምን ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።